የሌለ ዕዳዬን የከፈለችልኝ ሚስት

ኑሮ እንዴት ይዟችኋል? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሁላችንም የምንመልሰው አንድ ነው፦ "ይመስገነው፣ እየተገፋ ነው!" እኔም ያው ነኝ። ዛሬ ግን ስለ ኑሮ ውድነት የማወራችሁ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ በመዘርዘር አይደለም። እሱንማ ከኔ ይልቅ ባለሱቁ አጣርቶ ይነግራችኋል። የማጫውታችሁ አንድ ቆጣቢ ነኝ ባይ ባል፣ በቁጠባ ስም በገዛ ሚስቱ ላይ የሠራውን ጉድ ነው። ባልየው ማነው ብላችሁ አትድከሙ፤ እኔው ነኝ። ስሜንም ስሟንም አልጽፍም። ይህንን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም በዚሁ ስምምነት ነው።

እኔ የማንኩሳ ልጅ ነኝ። ማንኩሳ ስል ብዙዎቻችሁ "የበዛብህ አገር!" እንደምትሉ ይገባኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" የተነሳ ስሟ ከመጠኗ በላይ የገነነ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መሀል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እናቴ ከከተማዋ ወጣ ብላ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች ትኖራለች። እኔ ደግሞ ተምሬ አዲስ አበባ ቀረሁ። ሥራዬን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. ተጋባን። በዓመቱ፣ ከመስከረም 2012 ጀምሮ፣ ከደመወዜ በየወሩ 1,200 ብር እየቀነስኩ ባንክ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ሐሳቤ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተዳብለን ባጃጅ ገዝተን ልናሠራ ነው። ምን ክፋት አለው? ምንም። ክፋቱ ለሚስቴ አለመናገሬ ነው። ለምን አልነገርኳትም? እውነቱን ልናገርና ካወቀች ታስጨርሰኛለች ብዬ ነው። ሴት እጅ የገባ ብር አይበረክትም የሚል የወንዶች ወሬ አለ አይደል፣ የቡና ሰዓት ወሬ! እሱን እንደ ሒሳብ ሕግ ተቀብዬው ነበር።

እናም የቀረውን ደመወዜን "ይኸው ያለኝ ይህ ነው" እያልኩ አስቤዛ እሰጣታለሁ። እሷ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ተቀጥራ የምታገኘውን ትንሽ ብር ጨምራ ቤቱን ታቆመዋለች። ወሩ 20 ሲል ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ይከፍታል። ዘይት በዱቤ፣ ሳሙና በዱቤ፣ የልጅ ወተት በዱቤ። ደመወዝ ሲወጣ ዱቤው ይከፈልና እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን። እኔም እንደ ኦዲተር ደብተሩን እያገላበጥኩ "ይህንን ሳሙና በልታችሁት ነው እንዴ?" እላት ነበር። አንድ ጊዜማ፣ ጥር ላይ፣ ከሰፈር ሴቶች ጋር በምትጥለው የ200 ብር ዕቁብ ዕጣ ደርሷት 50 ኪሎ ጤፍ ገዝታ ብትጠብቀኝ፣ "ገንዘባችንን እህል ውስጥ ቀበርሽው!" ብዬ ጮህኩባት። ያንን ጤፍ ሰኔ ድረስ በላሁት። ዋጋው በሰኔ ስንት እንደገባ ግን ልጠይቅ እንኳ አልቃጣኝም።

ኅዳር 2015 ላይ ልጃችን ታመመ። ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ትኩሳት፣ ሳል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የሳንባ ምች ነው ተባለና ለመተኛት የግል ሕክምና ቤት ተቀማጭ ተጠየቅን። ሚስቴ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ "ቆይ፣ መጣሁ" ብዬ ወጥቼ ከባንክ 9 ሺህ ብር አወጣሁና ከፈልኩ። ልጁ በአምስተኛው ቀን ዳነልን፣ ተመስገን። "ከየት አመጣኸው?" ስትለኝ ምን አልኳት መሰላችሁ? "ከሥራ ባልደረባዬ ተበደርኩ።"

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ውሸቴ እንደ ብዙ ባሎች ውሸት ተረስቶ ይቀር ነበር። ግን ሚስቴ ዕዳ አትወድም። እኔ ሳላውቅ፣ እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻትን ሦስት ግራም የወርቅ የጆሮ ጌጥ ፒያሳ ወስዳ ሸጠችው። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ ብሩን በፖስታ አድርጋ በእጄ አስያዘችኝ። "ሰውየው ፊት አንገትህን እንዳትደፋ፣ ነገ ስጠው" አለችኝ። ጆሮዎቿ ባዶ ናቸው። ቀዳዳው ላይ ክር አስራበታለች፣ እንዳይደፈን።

ተቀበልኳት። አዎ፣ ተቀበልኳት! ያን ለት ቁጭ ብዬ እውነቱን ብናገር ኖሮ... አልተናገርኩም። በማግስቱ ወስጄ ባንክ አስገባሁት።

ወር አልሞላም። የጥምቀት ሰሞን ነው። ልጁ ስልኬን ይዞ ሲጫወት የባንኩን መልእክት ከፍቶት ኖሯል፤ ከእጁ ልትቀማው ስትል አየችው። "9,000 ብር ገቢ ተደርጓል" ይላል፤ ከሥሩ ቀሪው ሒሳብ፣ ከ53 ሺህ ብር በላይ። ቀኑን አየችው፤ ፖስታውን በሰጠችኝ ማግስት ነው። ይጮሃሉ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ምንም አልተናገረችም። ጧት ልጁን አዝላ፣ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ ሄደች። የት? እናቷ ዘንድ እንዳልል በ2014 አርፈዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ ስደውል አታነሳም። በሦስተኛው ቀን የእናቴ ስልክ መጣ። "ምራቴ እኔ ዘንድ ናት። ሥራ ፈቅደውልህ እንደሆነ ና" አለችና ዘጋችው። የኔው እናት!

ሌሊት ተነስቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የአባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ መሽቷል። በማግስቱ ጧት ማንኩሳ ገባሁ። ጥር ስለሆነ አውድማው ሁሉ ጭድ ነው፤ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ ቀልቷል። ሚስቴ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብላ የበርበሬ እሸራ ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ለቀማዋ ተመለሰች።

እናቴ አልሰደበችኝም፣ ሽማግሌም አልጠራችም። ቡና ጠጣን። ከዚያ "ና እስቲ፣ ልጀ" ብላ ወደ ጓዳ ይዛኝ ገባች። ጎታዎቹ እንደ ልጅነቴ በተርታ ቆመዋል። "ይህ የዘር ነው" አለች አንዱን መታ መታ አድርጋ፤ "ይህ የቀለብ፣ ያ የገበያ። አሁን የሚሸጠው ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ የሚበቃው ብቻ ነው፤ ሌላው ክረምት ይጠብቃል። ይህንን ታውቀዋለህ፤ እዚሁ ነው ያደግህ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ጎታ ተደብቆ አይተህ ታውቃለህ?"

አላውቅም አልኳት።

"አይደበቅማ። ቤት የገባ ያየዋል። አራሹም ያውቀዋል፣ አንተም ሕፃን ሆነህ ታውቀው ነበር። ግንቦት ላይ ጎታው ጎደል ሲል ማንም ሳይነግርህ እንጀራውን ታሳንስ ነበር። እሷ ግን ጎታው ባዶ ነው ተብላ በባዶ ስትታገል ኖረች። ከነበራችሁ ላይ ምን ልትቆጥብ? ያላችሁን መች ነገርካት?"

ውድ አንባቢያን፣ አራት ዓመት ሒሳብ ተምሬ ይህንን የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም።

ከዚያ ስለ አባቷ አጫወተችኝ። አባቷ እህል ሸጠው ያገኙትን ብር በገምቦ አድርገው መሬት የሚቀብሩ ሰው ነበሩ፤ ለሚስታቸውም ለልጆቻቸውም አይናገሩም። ደርግ ጥቅምት 1969 ላይ የጃንሆይን ገንዘብ ሲቀይር ሽማግሌው ታመው ተኝተዋል፤ የት እንደቀበሩት ሲናገሩ የመቀየሪያው ቀን አልፏል። እናቴ ያንን ወረቀት በልጅነታችን ሳጥን ውስጥ አይተነው እንደነበር አስታወሰችኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ መጫወቻ አድርገነው ነበር! መስከረም 2013 ላይ ብሩ እንደገና ተቀይሮ የሦስት ወር ጊዜ ሲሰጥም ከየፍራሹና ከየሌማቱ ሥር የወጣውን ጉድ እናንተም ታስታውሱታላችሁ። እኔ ያኔ በሰው ስቄ ነበር፤ የኔ ባንክ ነው ያለው ብዬ።

ባንክ ያለው ብርስ? ማታ በኩራዝ ብርሃን ሚስቴ ፊት ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለኝ በዓመት 7 በመቶ ነው። በአገራችን የነበረው ዓመታዊ የዋጋ ንረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በአማካይ ወደ 20፣ በ2021 ወደ 27፣ በ2022 ወደ 34 በመቶ ነበር። አባዙት። በመጀመሪያ በ100 ብር ይገዛ የነበረው በሦስት ዓመት ውስጥ 204 ብር ገባ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ 1,200 ብሮቼ ከነወለዳቸው 1,470 እንኳ ቢሆኑ፣ የሚገዙት ግን ያኔ ከሚገዙት ወደ 40 በመቶ ያህል ጎድሎ ነው። ባጃጁማ አይወራ! እኔ በእግሬ ስከተለው እሱ በሞተር ሄደ። የሚስቴ 50 ኪሎ ጤፍ ግን፣ "እህል ውስጥ ቀበርሽው" ያልኳት፣ ከባንኬ የበለጠ አትርፏል።

"ጨረስክ?" አለችኝ።

"ጨረስኩ።"

"ሒሳቡ ውስጥ ጆሮዬ የት አለ?"

እናቴ ልጁን አቅፋ ወደ ውጭ ወጣች። የተነጋገርነውን ሁሉ አልጽፍም፤ ግማሹ ለቅሶ ነው። ሚስቴ "ብሩን አይደለም የምለው። ልጄ ትንፋሽ ሲያጥረው አንተ ለኔ ተውኔት ትሠራ ነበር" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። በአራተኛው ቀን አብረን ተመለስን። ይቅር አለችኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ "እስቲ እናያለን" ነው ያለችው።

አሁን እንዴት ነው የምትኖሩት ለምትሉኝ፣ በተለይ ለእናንተ ለአዲስ ተጋቢዎችና ለመጋባት ለምታስቡት፣ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ከእናቴ ጓዳ የተወረሰ ነው። አንድ ደብተር ገዛን፤ ቦታው ቡፌ ላይ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ አይደለም። የሁለታችንም ደመወዝ፣ ሳንቲሙ ሳይቀር፣ እዚያ ይጻፋል። ሦስት ዓምድ አለው፤ "የዘር" የምንለው አይነካም፣ "የቀለብ" የወሩ ነው፣ "የመከራ" ደግሞ ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር ባንክ የሚቀመጥ የሁለት ወር ወጪያችን ነው። ይህኛው በዋጋ ንረት እንደሚሸረፍ እናውቃለን፤ ቢሸረፍም ያስፈልጋል። ሕክምና ቤት ጤፍ ተሸክማችሁ ሄዳችሁ ተቀማጭ አትከፍሉም። እናቴም ብትሆን ትንሽ ብር አብቁተ ዘንድ፣ ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ታስቀምጥ ነበር።

የቀለቡን ነገር ሚስቴ ይዛዋለች፤ እኔ ተሸካሚ ነኝ። ጤፍ የምንገዛው አዲሱ ምርት ገበያውን በሚሞላበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ለብቻችን ኩንታል መግዛት ስለከበደን ከአራት ጎረቤቶች ጋር ብር አዋጥተን እህል በረንዳ ወርደን እንገዛና እንካፈላለን፤ ሃያ አምስትም ኪሎ የደረሰው ደስ ብሎት ይሄዳል። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከእርጥበት ከተጠበቀ ዓመትም ከዚያም በላይ ይቆያል። በቆሎን እንደዚያ አደርጋለሁ ብትሉ ግን ሚያዝያ ላይ የምታገኙት ዱቄትና ነቀዝ ነው፤ ከልምድ ነው የምነግራችሁ። በርበሬም በዚያው ሰሞን ይገዛል፤ ሲጨብጡት ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀምና ይሻግታል። ቅቤ የምንገዛው ደግሞ በበዓል ዋዜማ እንደ ድሮው ተጋፍተን ሳይሆን ሁዳዴ ላይ ነው፤ ፈላጊው ሲቀንስ ዋጋውም ይለዝባል። ይህቺን ዘዴ የሰፈሬ እናቶች ድሮም ያውቋታል፤ የማናውቀው እኛ የተማርነው ነን።

ዕቁቡስ? እኔ የናቅሁት ዕቁብ! አሁን ሁለታችንም አለንበት። ዕቁብ ወለድ የለውም፣ እውነት ነው። ግን ሰኞ ጧት የማይቀር ሰብሳቢ አለው፤ ባንኩ ይህ ወር ካላስገባሁ ደውሎ አያሳፍረኝም፣ የዕቁቡ ዳኛ ግን በሰው ፊት ስሜን ይጠራዋል። ሐፍረት ያስቆጥባል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለትና መጨረሻ የወጣለት እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው በዛሬ ዋጋ ይገዛል፣ የመጨረሻው በዓመቱ ዋጋ። ስለዚህ ረጅም ዕቁብ አንገባም፤ ከስድስት ወር የማያልፍ ይበቃናል። ዕጣ ሲወጣም ብሩ ቤት አያድርም፤ ምን እንደሚገዛበት ደብተሩ ላይ ቀድሞ ተጽፏል።

ዱቤውን በአንድ ጊዜ አላቆምነውም፤ ወሬ አላበዛም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቀነስን በስምንት ወር ጨረስነው። ባለሱቁ "ተጣላን እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ!

ቤት ተከራይ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል። የቃል ስምምነት ይዛችሁ የምትኖሩ ካላችሁ ውል ተዋዋሉ፣ አስመዝግቡ። ለአንድ ቤተሰብ ኪራይ ትልቅ ወጪ ነው፤ የሁለት ዓመቱን ቁርጥ ካወቃችሁ ደብተራችሁ ይቀላችኋል።

ይህን ሁሉ ስል ተመቸን ማለቴ አይደለም። ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲበረታ፣ መንገድ እየተዘጋ ኢንተርኔትም ሲቋረጥ፣ እናቴን በድምፅ እንኳ የማላገኝበት ሳምንት ነበር። የምልክላት ብር አይደርስ፣ የምትልክልኝ በርበሬ አይመጣ። ያን ጊዜ ያቆማት ያ ያሳየችኝ የቀለብ ጎታ ነው። እኛን ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሲሄድ ያየነው ነው። የዚያን ሳምንት እኛ ሰፈር ሰው ዘይት ፍለጋ ሲራወጥ ሚስቴ ደብተሩን ገለጠችና "ጤፍ እስከ ጥቅምት፣ በርበሬ እስከ ታኅሣሥ፣ ዘይት ሦስት ሳምንት" ብላ አነበበችልኝ። ስለ ዘይት ካነሳን፣ ቡሬ ላይ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ሲመረቅ እናቴ "እንግዲህ ከደጃችን ሆነ" ብላ ተደስታ ነበር። በቀደም ስደውልላት "ፋብሪካው ቡሬ ነው፣ ዋጋው ግን አሁንም ከሰማይ ነው" አለችኝ።

አንድ የቀረኝ ዕዳ አለ። የጆሮ ጌጡ። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሚስቴ በራሷ እጅ "3 ግራም" ብላ ጽፋዋለች፤ በብር አይደለም፣ በግራም ነው። ብልህ ናት! ያኔ 9 ሺህ ብር የተሸጠው ዛሬ ከአራት እጥፍ በላይ ነው የሚጠየቅበት። በየወሩ ከደመወዜ ትንሽ እየቀነስኩ፣ ብሩ እንዳይሟሟ፣ እዚያው ፒያሳ ካለ ወርቅ ቤት ግማሽ ግራም፣ ሲገኝም ከዚያ በላይ እያልኩ እገዛለሁ። ደረሰኙን ደብተሩ ውስጥ አስቀምጣለሁ። እስካሁን አንድ ግራም ተኩል ደርሷል።

ባለፈው እሑድ ቡና እያፈላች ሳለ አየኋት፤ ክሩ አሁንም ጆሮዋ ላይ አለ። አዲስ ክር ነው፤ ቀይረዋለች።